የነዳጅ ክዳን አልገጥም ሲልና ዙሪያው ሲዝግ፦ ክፍት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ነዳጅ ክዳንና በዙሪያው ስላለው ላሜራ ብቻ ነው። ክዳን የምለው ከውጭ የሚታየውን፣ ከመኪናው ጋር አብሮ የተቀባውን ነው። በእጅ የሚጠመዘዘው ታፖ ነው። ታፖው ያለበት ጎድጓዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንኩ) የሚወርደው ደግሞ የመሙያ ቱቦ። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ ክዳኑ ይስተካከላል፣ ዝገቱ ይነሳል፣ ቀለሙ መጨረሻ ይመጣል። ክዳኑ ጠርዙን እየፋቀ ቀለም የሚቀባ ሰው የሚቀጥለውን ዝገት ነው የሚያዘጋጀው። ከአሁኑ ልናገር፦ እዚህ ቦታ ላይ ግራይንደር፣ ብየዳና ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን አይገባም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ታፖው ተዘግቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ፣ በእጅ ነው የሚሠራው።

ቀይ ሴዳን፦ ጋሼ፣ ክዳኔ በማጠፊያው በኩል ልክ ነው፤ በመቆለፊያው በኩል ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ማጠፊያውን በፒንሳ ባጣምመውስ?

መላሽ፦ በጭራሽ። መጀመሪያ ምክንያቱን ለይ። ክዳኑን ክፈትና ነጻውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል፤ ብታጣምመውም ተመልሶ ይወርዳል፣ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ካልተነቃነቀ ማጠፊያው ጤነኛ ነው፣ እጅህን አንሳለት።

ቀጥሎ የጎማ ማረፊያዋን ተመልከት፤ ክዳኑ ሲዘጋ የሚደገፍባት ትንሽ ጥቁር ጎማ ናት። በጥርስ የምትጠመዘዝ ከሆነች ግማሽ ዙር ወደ ውስጥ ስታስገባት ክዳኑ ይገባል፣ ስታወጣት ይወጣል። ወድቃ ከጠፋች ክዳኑ ይሰምጥና ጠርዙ ቀለም ይበላል። ከዚያ መቆለፊያው። በምላሱ ጫፍ ላይ የጥርስ ሳሙና በጠብታ አድርግ፣ ክዳኑን ቀስ ብለህ ዝጋና ክፈት። ነጩ ምልክት የክዳኑ መንጠቆ መሃል ላይ ካረፈ ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ ካረፈ ምላሱ የያዘው በግማሽ ነው። ማጠፊያው በኩል ልክ ነው ካልክ ችግርህ ከጎማዋ ወይም ከምላሱ አያልፍም።

በክዳኑና በመክፈቻው (ክዳኑ በሚገጥምበት ቀዳዳ) ጠርዝ መሃል ያለውን ክፍተት በዓይን አትገምቱ። አንድ የባንክ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ አራቱ ሲደራረቡ 3 ሚሊ ሜትር ናቸው። በአራቱም ጎን አስገብታችሁ የት እንደሚጠብና የት እንደሚላላ ጻፉ። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት።

ቀይ ሴዳን፦ ጎማዋ ናት ጋሼ፣ አንድ ዙር ሙሉ ወጥታ ነበር። አሁን ልክ ገጠመ።

ባለ ፒካፕ፦ የኔ ማጠፊያ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው። ክዳኑ በሙሉ ወደ ፊት ተጠግቶ ጠርዙን ይነካል።

መላሽ፦ በብሎን ከሆነ ቀላል ነው። የክዳኑንና የመክፈቻውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። የማጠፊያውን እግር ዙሪያ በእርሳስ ክበበው፤ ወዴት ስንት እንደሄድክ የምታውቀው በዚያ መስመር ነው። ብሎኖቹን አታውጣ፣ ግማሽ ዙር ብቻ አላላ። ቀዳዳዎቹ ሞላላ ከሆኑ ክዳኑ ይንሸራተታል። 1 ሚሊ ሜትር ገፋ አድርገህ ለስለስ አድርገህ እሰር፣ ዝጋ፣ በካርድ ለካ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ሲያልቅ አጥብቅ፣ ግን ዳዶው ፕላስቲክ ውስጥ ከተቀበረ በጉልበት አትሰረው፣ ይዞርና ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ከማጠፊያው እግር ሥር ቡናማ ዱቄት ካየህ ክዳኑን የገፋው ዝገት ነው። ዝገት ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ በሁለት ላሜራ መሃል ሲያብጥ ማጠፊያውን እንደ ሽብልቅ ያነሳዋል። ያን ጊዜ ማጠፊያው ወልቆ ሥሩ ይጸዳል እንጂ ብሎን ማላላት ዋጋ የለውም።

አዲስ ገቢ፦ እኔም ዝገት አለብኝ፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የት? ስንት ሴንቲ ሜትር? ቀለሙ አብጧል ወይስ ተፈርፍሯል? በካቻቢቴ ጫፍ ስትጫነው ይሰምጣል? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ነጭ ቫን፦ ማጠፊያዬ ብሎን የለውም፣ በነጥብ ብየዳ የተያዘ ነው። በማጠፊያው በኩል ክዳኑ ሰምጧል።

መላሽ፦ የብረት ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ለስላሳ እንጨት በክዳኑና በመክፈቻው ጠርዝ መሃል ከማጠፊያው አጠገብ አስገባ፣ ነጻውን ጫፍ በመዳፍህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋ። የማጠፊያው ክንድ ትንሽ ይከፈትና ያ ጎን ይወጣል። አንዴ ገፋ፣ ለካ፣ እንደገና ገፋ። አንዴ አብዝተህ ከገፋህ መመለሱ ላሜራውን ያዳክመዋል። የፕላስቲክ ማጠፊያ ግን አይጎበጥም፣ ይሰበራል፤ እሱን ቀይረው።

ብርማ ሃችባክ፦ ጋሼ፣ ከክዳኑ በታች በመክፈቻው ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል ቀለም አብጧል። ክዳኑም እዚያው ላይ ይፋቅ ነበር፣ አሁን አስተካክዬዋለሁ። በካቻቢቴ ነክቼዋለሁ፣ አይሰምጥም።

መላሽ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ከብርጭቆ ወረቀት በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ፦ ጎድጓዳው ግርጌ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ፈልጊ። ታፖውን በደንብ ዘግተሽ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፍስሺበት። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከመኪናው እግር ጎማ አጠገብ መንጠብ አለበት። ከቆመ ቀዳዳው በአቧራና በቅጠል ተደፍኗል። በየዝናቡና በየእጥበቱ ውሃው እዚያው ተኝቶ ላሜራውን ከጀርባ ሲበላ ነበር ማለት ነው። በሣር ማጨጃ ናይለን ክር ቀስ ብለሽ ክፈቺው። ሽቦ አትጠቀሚ፣ ቀለሙን ይፍቃል፣ የጎማ ቱቦውንም ይበሳል። በኮምፕሬሰር አየርም አትንፊበት፤ ቱቦው ከመያዣው ከተነቀለ ውሃው በሁለቱ ላሜራ መሃል ይፈሳል። በዚህ ቦታ ከማየው ዝገት ብዙው የሚጀምረው ከዚህች ቀዳዳ ነው። ሰው ግን የሚታየውን ቀብቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዝገቱ። መጀመሪያ ሰምና ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ እጠቢው፤ ሳትጠቢ ከፈተግሽ ቅባቱን ወደ ብረቱ ነው የምትጨምሪው፣ በኋላ ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን እየተበሳ ይቀራል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያበጠውን አንሺ። የሚታየው የጥፍር ያህል ቢሆንም ከቀለም ሥር ይሰፋል፣ ስለዚህ ብሩህ ብረት እስኪወጣ ድረስ ተከተዪው። ከዚያ በ180፣ ቀጥሎ በ320 የቀለሙን ጠርዝ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሳሺው፤ ጣትሽን ስታሳልፊበት ደረጃ እንዳይሰማሽ። ባዶ ብረት ላይ በውሃ አትፈትጊ። ብረቱ ውስጥ የቀሩት ጥቋቁር ነጥቦች ዝገት ናቸው፤ እነሱን በትንሽ ብረት ብሩሽ በእጅ አውጫቸው።

ብረቱ ንጹህ ከሆነ በዚያው ቀን ሁለት ኮት ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ሽፋን)። ስቱኮ ካስፈለገ ከኢፖክሲው በላይ፣ ቀጭን፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ ዝገት ላይ በቀጥታ ሲቀባ እንደ ስፖንጅ ያጠጣዋል።

ቀለም ወዳድ፦ የዝገት መለወጫ ቀብታ ብትተወውስ? ፍተጋው ይቀራል።

መላሽ፦ መለወጫ የሚሠራው ከዝገት ጋር ነው፤ ንጹህ ብረት ላይ የሚለውጠው የለም። ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ሲሆን ደግሞ ቅሪቱ ካልታጠበ ከላይ የሚመጣው ፕራይመር አይይዝም። የተፈረፈረውንም አይጠግንም። ወይ ንጹህ ብረትና ኢፖክሲ፣ ወይ መድረስ በማይቻል ጥግ ላይ መለወጫና እሱን የሚቀበል ፕራይመር። ሁለቱን አትደባልቁ።

ቀጥቃጩ፦ ከጀርባ የተቃጠለ ዘይት መርጨት ነው መፍትሔው። ላሜራው ዕድሜውን ሙሉ አይነካም።

ቀለም ወዳድ፦ የተቃጠለ ዘይት አሲድና ጥላሸት ይዟል! በዚያ ላይ ጎማዎቹን ይበላል።

ቀጥቃጩ፦ የትኛውን ጎማ? ዘይት የነካው ብረት ዝጎ አይተሃል?

ቀለም ወዳድ፦ የኢፒዲኤም ጎማ (የመኪና ማሸጊያ ጎማ ዓይነት ነው) በማዕድን ዘይት ያብጣል። ዘይቱም በሙቀት ቀጥኖ መሬት ይንጠባጠባል። ሰም ግን ባለበት ይቀራል።

መላሽ፦ ቀለም ወዳድ ልክ ነው። ለዚህ የተሠራ የባዶ ቦታ ሰም አለ፣ ረጅም ቱቦ ገጥመህ ከውስጥ ትረጫለህ። ቀለሙ ደርቆ ሲያልቅ ብቻ ግን፤ ሰም አስቀድሞ ከነካው ቀለም አይይዝም። ዘይቱን እዚህ እንዝጋ።

የማታ ሹፌር፦ እኔ ሠርቼ፣ ከጣሳ ስፕሬይ ቀለምና ክሊር (ከቀለም በላይ የሚረጨውን ግልጽ ሽፋን) ረጭቼ ጨርሻለሁ። ቤንዚን ሲነካው ግን ተለጠፈ፣ ተሸበሸበ።

መላሽ፦ ይህን ሁሉም ያንብበው። ተራው የጣሳ ክሊር ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የለውም፤ የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ነው፣ ቤንዚን ሲፈስበት መልሶ ይላላል። በር ላይ ቢሆን ይሠራ ይሆናል፤ ነዳጅ በሚፈስበት ቦታ ላይ አይሠራም። እዚህ የሚቀባው ከሃርድነር ጋር የሚዋሃድ ባለ ሁለት ክፍል ክሊር ነው። ከግርጌው ቁልፍ ተጭነህ ሃርድነሩን የምትለቅበት ጣሳም አለ፤ ከተለቀቀ በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚቆየው። ሃርድነሩ አይሶሳይኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለው፤ የአቧራ ጭምብል አያቆመውም። አምራቹ ያዘዘውን የመተንፈሻ ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር አድርገህ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ላይ ርጭ።

የተሸበሸበውን አንሳው፣ ላዩ ላይ አትደርብ። ፕራይመሩን በ400 ከዚያ በ600 ቁጥር በውሃ አለስልስ። ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ኮት፣ በየመሃሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ክሊር ሁለት ኮት። ሳምንት ሳይሞላው ነዳጅ ስትሞላ በጨርቅ ሸፍነው።

ቀይ ሴዳን፦ ለመሆኑ ክዳኑ አንዱ መኪና ላይ ግራ፣ ሌላው ላይ ቀኝ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ባለ ፒካፕ፦ የነዳጅ ጌጁ ላይ ያለች ትንሽ ቀስት ወዴት እንደሆነ ትነግርሃለች።

ነጭ ቫን፦ የኔ ላይ ቀስት የለም፣ የፓምፕ ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ የፓምፑ ቱቦ ያለበት በኩል ይሆን?

መላሽ፦ በሥዕሉ አትመን፣ የሚታመነው ቀስቱ ብቻ ነው። ወደ ዝገቱ እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ነኝ፣ ተመለስኩ። ዝገቱ ክዳኑ አካባቢ ነው። ማጠፊያውንም በፒንሳ ላስተካክለው?

መላሽ፦ ስለ ፒንሳ ከላይ ተመልሷል፣ አንብብ። “አካባቢ” ደግሞ ቦታ አይደለም።

የማታ ሹፌር፦ ከሞላሁ በኋላ ቤንዚን ይሸታል፣ የሞተር መብራትም በርቷል፣ ኮዱ ፒ0455 ነው። ቱቦውን በኢፖክሲ ልለጥፈው?

መላሽ፦ አትለጥፈው። ኮዱ ትነት እያመለጠ ነው የሚለው። በመጀመሪያ ታፖውን አጥብቅ፣ የጎማ ቀለበቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ እይ። ካልሆነ የጎማውን ቤት ፕላስቲክ አውልቅ፤ ጭቃ ቱቦው ላይ ተጋግሮ የብረቱን አንገት በልቶት ሊሆን ይችላል። የተበላ የመሙያ ቱቦ ይቀየራል። እስኪቀየር ድረስ ዝግ ጋራዥ ውስጥ አታሳድረው።

ብርማ ሃችባክ፦ ክዳኑ ከውስጥ ሲሳብ አንዳንዴ አይከፈትም።

መላሽ፦ አንድ ሰው ማንሻውን ይሳብ፣ አንቺ ምላሱን ተመልከቺ። ሙሉ ገብቶ ክዳኑ ካልዘለለ ሞላው ደክሟል። ግማሽ ብቻ ከገባ ካቦው ላልቷል ወይም ምላሱ በአቧራ ተይዟል፤ አጽድተሽ ነጭ ግራሶ በስሱ ቀቢው።

ቀለም ወዳድ፦ የቀለም ኮድ የት ነው?

መላሽ፦ በር ምሰሶው ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው ምልክት ላይ። ክዳኑን ፈትታችሁ ቀለም ቤት ውሰዱት፣ ፀሐይ ያደበዘዘውንም ጨምረው ያመሳስሉላችኋል።

ቀጥቃጩ፦ ካቻቢቴው ከሰመጠስ? እኔ ላሜራ ቆርጬ እበይዳለሁ።

ባለ ፒካፕ፦ ፋይበር ለጥፎ ስቱኮ መቀባትም ይቻላል።

መላሽ፦ ፋይበሩ ቀዳዳውን ይሸፍናል፣ ዝገቱ ከጀርባ ይቀጥላል፣ ውሃውንም ያግተዋል። ብየዳ የሚፈቀደው ሰልባትዮውና የመሙያ ቱቦው ወልቀው ከቦታው ከራቁ ብቻ ነው፤ ታፖ መዝጋት አይበቃም። ባዶው ሰልባትዮ ከሞላው ይብሳል፣ በትነት ተሞልቷልና። መቁረጡም በዚያው ደንብ ይሂድ፣ ወይም በእጅ የላሜራ መቀስ። ሙቀት ለማስቀረት ከፈለግህ ከኋላ 2 ሴንቲ ሜትር የሚደርብ ላሜራ ቆርጠህ በላሜራ ማጣበቂያ ያዝ፤ ሁለቱም ፊት እስከ ብሩህ ብረት ተፈትጎ፣ እስኪደርቅ በማጥበቂያ ተይዞ። የውሃ መውጫው ግን በምንም መንገድ አይደፈን። ተለጥፎ ሲደርቅ ታፖውን ዝጋና ግማሽ ብርጭቆውን ውሃ እንደገና አፍስስ።