ሬጂስትሪው ተሰርዞ ዊንዶውሱ አልነሳ አለ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኮምፒውተሩን ላፍጥነው ብሎ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ የሚቀመጥበት) ውስጥ ገብቶ የማያውቀውን ሁሉ ሰረዘው፣ አሁን ዊንዶውስ 10 ሎጎውን ያሳይና መልሶ ይጠፋል። ፎርማት እናድርገው ይለኛል፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ግን እዛው ነው ያለው፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኧረ ፎርማቱን ተዪው! የተነካው ሴቲንጉ እንጂ ፋይልሽ አይደለም። ኮምፒውተሩን አብሪውና ሎጎው ሲመጣ ፓወሩን እስኪጠፋ ተጭነሽ ያዢው፣ ሁለት ሶስቴ እንዲህ ስታደርጊ ራሱ ወደ ሪከቨሪ (የመጠገኛው ገጽ) ይወስድሻል፣ እዛ ትራብልሹት ከዛ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ከዛ ሲስተም ሪስቶር ብለሽ ከመሰረዙ በፊት ያለ ቀን ምረጪ። ሬጂስትሪው ይመለሳል፣ ዶክመንትሽ አይነካም፣ ከዛ ቀን በኋላ የተጫነ ፕሮግራም ግን ይጠፋል። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው) ካለው ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ላይ ፈልጊው።

ሪስቶር ፖይንት (የምትመለሺበት ቀን) የለም ካለሽ (ብዙ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ያናድዳል) መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ (ሌላ ሲስተም) በተጫነበት ፍላሽ አስነስተሽ ጽሑፉን ኮፒ አድርጊ፣ ከዛ ትራብልሹት ላይ ሪሴት ውስጥ ኪፕ ማይ ፋይልስ በዪ፣ ፕሮግራሞቹን እንደገና መጫን አለ። ሬግባክ ፎልደር ውስጥ የሬጂስትሪ ባክአፕ አለ የሚሉሽን አትስሚ፣ ዊንዶውስ 10 ከ1803 ቨርዥኑ ወዲህ ራሱ ማስቀመጡን ትቷል። ወንድምሽም ሌላ ጊዜ ሬጂስትሪ ከመንካቱ በፊት ኤክስፖርት ብሎ ኮፒውን ያስቀምጥ።