ቦት ጫማ ያለው ጠበቃ

ልጆቼ፣ ወጣት ጠበቆች፣

ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፍላችሁ። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ስል ብቻ ግንባታ ላይ ያሉ ሰባት ሕንፃዎች ይታዩኛል። ሰባቱም ውል አላቸው። አንዱ ውል ሲበላሽ ግን የሚደወለው የግንባታ ሕግ ለያዝነው ለእነዚያው ለጥቂት ጠበቆች ነው። እኛ ደግሞ አረጀን።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ መጣ። ቤቱን ከተረከበ አራት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጠበቃ አማክሮ «ፈርመህ ተረክበሃል፣ አለቀ» ተብሏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ግን ተቋራጩ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ጉዳቱ የመጣው በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ቢሆንም ይጠየቃል። ያ ጠበቃ ሰነፍ አይደለም። ውርስና ወንጀል ላይ የሚያህለው የለም። ያንን ገጽ የሚያስገልጥ ጉዳይ ግን ገጥሞት አያውቅም።

እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ተቋራጭ ቆምኩ። ቦታው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሰውዬው ሳይቱ ላይ ሆኖ ሥራውን በሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ በሬዚደንት ኢንጂነሩ፣ ቃል ብቻ መሠረቱን አጥልቆ ቆፍሮ በገረጋንቲ ሞላው። አሠሪው ለተጨማሪው ሥራ አልከፍልም አለ። እኔ ምስክር ደረደርኩ። የግልግል ዳኛው መሐንዲስ ነበሩ። «የጽሑፍ ትዕዛዙስ? የልኬት ወረቀቱስ?» አሉኝ። ልኬት የጠበቃ ሥራ አይመስለኝም ነበር። ተረታን። ደንበኛዬ ገልባጭ መኪናውን ሸጠ።

ለምን ጥቂት ሆንን? በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ኪራይ ነው። ብቻውን ቢሮ የከፈተ ጠበቃ ኪራዩን ለመክፈል የመጣለትን ሁሉ ይይዛል፤ አንድ ዘርፍ መርጦ የመቀመጥ አቅም የለውም። በ2013 የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት እንዲሠሩ ፈቅዷል። ተጠቀሙበት። ሦስት ሆናችሁ ክፈቱና አንዳችሁ ግንባታን ብቻ ያዙ። የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፤ አልዋሻችሁም።

በውጭ ብድር የሚሠሩ መንገዶች ላይ የፊዲክ ውል ይገጥማችኋል፤ ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር ያዘጋጀው የውል ቅጽ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። ፋይሉ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በስንት ወሩ ነው! ስለዚህ ጠብ እስኪነሳ አትጠብቁ። ውሉ ሲፈረም እዚያው ተገኙ።

ቦት ጫማም ግዙ። ቅዳሜ ጠዋት ሳይት ሂዱ። የሳይቱን ኦፊስ ኢንጂነር ቡና ጋብዙትና ቴክ ኦፍ ሺት፣ ማለትም የተሠራው ሥራ ልኬት የሚጻፍበት ወረቀት፣ እንዴት እንደሚሞላ ጠይቁት። የክፍያ ሰርተፍኬት አንብቡ፤ ሬቴንሽኑ፣ ማለትም ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ለመያዣ የሚቀረው ገንዘብ፣ የት እንደተቀነሰ ፈልጉ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። እኔ ላይም ስቀዋል።

የጎረቤቴን ፋይል ይዣለሁ። አብሮኝ ስንጥቁን የሚለካ አንድ ወጣት ጠበቃ ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁም።