ፒፓ ማወቅ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጠያቂያችን ማታ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሟች ቤት ዕቃ አጣርቶ የሚሸጥ ሰውዬ ታግዛለች። አንድ ቀን ከመሳቢያ ውስጥ የወጣ የድሮ ፒፓ እጇ ገባ። ላዩ ላይ ያለውን ማኅተም ተከታትላ የተሠራበትን ዘመን ደረሰችበት። ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆኖባታል፤ ማጨሱ ሳይሆን ማኅተሙ። አሁን ፒፓ በተገኘ ቁጥር አለቃዋ እሷን ነው የሚጠራው። «ይሄ ነገር ሙያ ይሆነኛል? ወይስ ቤተሰቦቼ እንደሚሉት ነርሲንጉን ይዤ ዝም ልበል? እናቴማ ፒፓ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም ብላለች» ትላለች። የለየቻቸውን ሁለት ፒፓዎች፣ ማለትም «ብር» ያለችውን የፒተርሰንንና «1925» ያለችውን የደንሂልን (ሁለቱም የታወቁ ፒፓ ሠሪዎች ናቸው)፣ እንዲሁም ከፖቶማክ ወንዝ ዳር የለቀመቻቸውን የሸክላ ፒፓ ስብርባሪዎች ፎቶ ልካለች።

እህቴ፣ እናትሽን አትከራከሪያቸው። ትምባሆ ነውር በሆነበት ቤት ላደገ ሰው ፒፓ ፒፓ ነው። ዕቃውን እዚያው አለቃሽ ጋ ተይው፤ ቤት ፎቶውንና ማስታወሻሽን ብቻ ይዘሽ ግቢ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ፒፓ ብቻ እንዲለይለት ደመወዝ የሚከፍል ቤት አትጠብቂ። የሚከፈልበት ነገር ሌላ ነው። አንድን ዕቃ አይቶ «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ምክንያቱም ይኸውና» ማለት የሚችል፣ ማስረጃው ሲያልቅ ደግሞ እሱም አፉን የሚዘጋ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በጨረታ ቤትም፣ በሙዚየምም፣ በአርኪዮሎጂ ላብራቶሪም ይፈለጋል። ፒፓ ይህንን ለመማር በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጽሑፍ አለበት።

በደብዳቤሽ የጠቀስሽውን የደብሊኑን ፒተርሰን እንውሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአየርላንድ ታሪክ እንጨቱ ላይ ተጽፎልሻል። «አይሪሽ ፍሪ ስቴት» የሚል ከሆነ አገሪቱ በዚያ ስም የተጠራችው ከ1922 እስከ 1937 ነው። «ኤር» ካለ ከዚያ በኋላ ነው። «ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ» ካለ ከ1949 ወዲህ ነው። እስካሁን ደህና ነሽ። አንቺ ግን «ብር ነው፣ ማኅተሙም አለ» ብለሽ ጨርሰሻል። ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ቀለበቱ (አንገቱ ላይ የታሰረው ብረት) ላይ ያሉት ሦስት ምስሎች ሦስት ቅጠል ያላት ሣር፣ ውሻና ክብ ግንብ ናቸው። ይህ የብር ማኅተም አይደለም። ፒተርሰን በኒኬል ቀለበቶቹ ላይ የሚመታው ጌጥ ነው። የደብሊን እውነተኛ የብር ማኅተም የተቀመጠች ሴትና ዘውድ የጫነ በገና አለው። ኢቤይ ላይ በየቀኑ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ የጨረታ ቤት ካታሎግ ላይ «ብር» ተብሎ ኒኬል ቢሸጥ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ስሙ ግን አይመለስም። ይህን ስህተት ከመታተሙ በፊት የሚይዝ ሰው ነው ደመወዝ የሚገባው።

ስለዚህ ከፒፓ ቀጥለሽ የምታጠኚው የእንግሊዝ ብር ማኅተም ይሁን። የሚራመደው አንበሳ የብሩን ጥራት ይነግርሻል፣ ከሺህ 925 ማለት ነው። መልህቅ በርሚንግሃም ነው፣ የነብር ራስ ለንደን፣ ግንብ ኤድንብራ። አንዲቷ ፊደል ደግሞ ዓመቱን ትነግርሻለች። ፊደሏ በየዓመቱ ትቀየራለች፤ ዙሩ ሲያልቅም የፊደሉ ቅርፅና የጋሻው ዙሪያ ይለወጣል። ይህን ያወቀ ሰው ማንኪያም፣ የሲጋራ ሳጥንም፣ የከዘራ እጀታም ያነባል። ሥራው ያለው እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሺ፦ ፊደሏ የምትነግርሽ የቀለበቱን ዓመት ነው። ፒፓው ተሰብሮ ቀለበቱ በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል።

ደንሂልም አለ፤ ሁሉም ሰው የሚያብድለት። አፉ ላይ ያለችው ነጯ ነጥብ ብቻዋን ምንም አታረጋግጥም፤ ነጥብ ማንም ያስገባል። የምታይው «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ከሚለው መጨረሻ ፊደል ቀጥሎ ከፍ ብላ የተቀመጠችውን ትንሽ ቁጥር ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ ላሉት ቁጥሩን 1960 ላይ ትደምሪያለሽ፤ 34 ካለ 1994 ነው። ግን 5 ብቻ ካለ 1925ም ሊሆን ይችላል፣ 1965ም። የፓተንት ቁጥር አብሮ ካለ ወደ ድሮው ያደላል። ከሌለ ገና ብዙ ማየት አለብሽ። «1925» ብለሽ የጻፍሽው የዋጋው ልዩነት አጓጉቶሽ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጉጉት በዚህ ሥራ ውስጥ አደገኛ ነው።

በነገራችን ላይ ብራየር የሚባለው እንጨት የአስታ ሥር ነው። አዎ፣ ሰሜን ተራሮችና ባሌ የምናውቀው አስታ። ለፒፓው የሚቆፈረው ግን ሜዲትራኒያን ዳር፣ እነ ኮርሲካና ካላብሪያ ላይ ነው። ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ምናልባት ትንሽ ይለዝቡ ይሆናል።

የሸክላዎቹ ነገር ይለያል። አንዱ ስብርባሪ ላይ «ቲ ዲ» የሚል አግኝተሽ ሠሪውን በስም ጠቅሰሽልኛል። ተጠንቀቂ። እነዚያ ሁለት ፊደሎች መጀመሪያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ ሠሪ ስም መነሻ የነበሩ ይመስላሉ። ገበያ ሲወዳቸው ግን ብዙ ሠሪ ለብዙ ዘመን መታቸው። ስለዚህ «ቲ ዲ» የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የፒፓ ዓይነት ሆኗል። የሆላንዷ ጎዳ ከተማም እንዲሁ ናት። እዚያ ማኅተም ይወረስ፣ ይሸጥ፣ ይከራይ ነበር። አንድ ዘውድ ያለበት ምልክት ብዙ እጅ ያልፍ ነበር። የሚረዳሽ ጎኑ ላይ ያለው ነው፦ ከ1740 ገደማ ጀምሮ ተረከዙ (ትምባሆ ከሚጨመርበት ሥር ያለችው ጉብታ) ጎን ላይ የከተማዋ አርማ መመታት ጀመረ።

ሌላው ፎቶሽ ላይ በአንገቱ አንድ ጎን «ማክዱጋል» (የግላስጎው ፒፓ ሠሪ)፣ በሌላው «ስኮትላንድ» ይላል። ይህ ጥሩ ነው። ማኪንሊ የሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ወጥቶ ከ1891 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ተገደደ። «ግላስጎው» ብቻ የሚለው ከዚያ በፊት ሊሆን ይችላል፤ «ስኮትላንድ» የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው ብሎ መነሳት ያስኬዳል። ግን የአገር ስም ስለሌለ ብቻ «ከ1891 በፊት ነው» አትበዪ። ለሌላ ገበያ የተሠራ ፒፓ ያ ሕግ አይመለከተውም።

አሁን ስለ ወንዙ ዳር ልቆጣሽ ነው። የፖቶማክ ዳር ብዙው ቦታ የብሔራዊ ፓርክ መሬት ነው። ከዚያ ላይ የጥንት ዕቃ ማንሳት ሕገ ወጥ ነው። የ1979ኙ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ይጠብቃል። ሁለተኛው ጉዳት ለሙያሽ ነው፦ ከቦታው የተነሳ ስብርባሪ ግማሽ ወሬው ጠፍቷል። ሰብስበሽ አታሳዪ፣ አትሽጪ፣ ሬዙሜሽም ላይ አታስገቢ። የት የት እንዳነሳሻቸው ጽፈሽ ለከተማው አርኪዮሎጂስቶች ደውይና ምን ላድርግ በያቸው። ይህን ቀድመሽ ካደረግሽ ትውውቁም በዚያው ይጀመራል።

የምትኖሪበት ከተማ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አሌክሳንድሪያ የራሷ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም አላት፣ ወደቡ ዳር ቶርፒዶ ፋክተሪ ሕንፃ ውስጥ። ከ1989 ጀምሮ ሊገነባ የታሰበ ቦታ አስቀድሞ እንዲጠና የሚያስገድድ ሕግም አላት። ስለዚህ ሸክላ ከመሬት መውጣቱ አይቋረጥም፤ የሚያጥበው፣ የሚቆጥረውና የሚመዘግበው ሰው ያስፈልጋል። በጎ ፈቃደኛ ይቀበላሉ። ሥራሽ ማታ ነው፣ ቀኑ ያንቺ ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን ስጪያቸው።

እዚያ ማኅተም የሌለውን ስብርባሪም ማንበብ ትማሪያለሽ። ሃሪንግተን የሚባል የጄምስታውን አርኪዮሎጂስት በ1954 የጻፈው ነው መሠረቱ። በአንገቱ መሐል ያለው ቀዳዳ ዘመን በገፋ ቁጥር ይጠብባል። ቀዳዳውን በትራፓኖ ፑንታ ይለኩታል፣ በኢንች 64ኛ። 8 የሆነው ከ1620 እስከ 1650፣ 5 የሆነው ከ1710 እስከ 1750 አካባቢ ነው። ቢንፎርድ የሚባል ሌላ አርኪዮሎጂስት ደግሞ ቀመር አወጣለት፦ የቀዳዳዎቹን ልክ አማካይ በ38.26 አባዢ፣ ከ1931.85 ላይ ቀንሺ። አማካዩ 4.7 ከሆነ 1752 ይመጣል። አሌክሳንድሪያ በ1749 ለተቆረቆረች ከተማ ያምራል፣ አይደል? ግን የሚሠራው ብዙ ስብርባሪ ሲኖርሽ፣ ፒፓዎቹ የእንግሊዝ ሲሆኑና ከ1780 ገደማ በፊት ለተሠሩት ነው። በአንድ ስብርባሪ ዓመት የሚጠራ ሰው ካጋጠመሽ ፈገግ በይና እለፊ።

ለደመወዝ ቁፋሮ ላይ ለመሥራት ግን በአብዛኛው የአንትሮፖሎጂ ዲግሪና የመስክ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ሥራው የኮንትራት ነው፣ በብርዱ ወራት ይቀዘቅዛል። ልቤ ወደዚያ ብዙም አይገፋሽም። የሚገፋሽ ወደ ጨረታ ቤት የካታሎግ ጸሐፊነት ነው። የአለቃሽ ዕቃ የት እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ፣ ስልክም አለሽ። ከዚያ የዋጋ ገማችነት ይከተላል። የገማቾችን የሥነ ምግባር መመሪያ የሚያስተምረው ኮርስ 15 ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ሰው ከ5,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ለሙዚየም ሲለግስ የታክስ ቅናሽ ለማግኘት ብቁ ገማች ይፈልጋል፤ ያ ቋሚ ገበያ ነው። ታዲያ የገመትሽውን ዕቃ ራስሽ እንዳትገዢ። ሁለቱን የቀላቀለ ገማች ማንም ዳግም አይጠራውም።

ለማመልከቻ ሰርተፊኬት አያስፈልግሽም፤ ወረቀት ያስፈልግሻል። ሃያ ዕቃ፣ ሃያ ገጽ። ፒፓ አሥር፣ የቀረው ብርና ሌላ። እንዲህ፦

«ፒፓ፣ ብራየር፣ ፒተርሰን። በቀኝ ጎን በሦስት መስመር 'ሜድ ኢን ዘ ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ'። ቀለበቱ ኒኬል፤ ሣር፣ ውሻ፣ ግንብ። ከ1949 በፊት አይደለም። አፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። እስከ መቼ ሊሠራ እንደሚችል አልተወሰነም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጀማሪ ይፈራታል። ካታሎግ የሚያርመው ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው።

ነርሲንጉን አትተዪ። ቤተሰቦችሽን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። የካታሎግ ሥራ መጀመሪያ ላይ በሰዓት ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ የጤና ኢንሹራንስም ላይኖረው ይችላል። የማታ ፈረቃሽን ይዘሽ ገጾቹን ጻፊ። አንድ ጨረታ ቤት በቋሚነት ሲጠራሽ ሰዓት ቀንሺ፣ እሱም ቀስ እያልሽ። የደንሂሉን ገጽ መጀመሪያ ላኪልኝ፤ «1925» የሚለውን አጥፍተሽ።