መዘጋጀት ሟርት አይደለም

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ሌላ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም አብረውን ይኖራሉ። በ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማችን ድረስ ከተሰማ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ልብሴን ሳላወልቅ የማድርባቸው ሌሊቶች አሉ፤ የስምንት ዓመት ልጄም ብቻዬን አልተኛም ብላለች። «ቢደገም ምን እናደርጋለን?» ብዬ ወሬ ስጀምር ባለቤቴ «አታሟርቺ» ይለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፍርሃትዎ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሰርዶን ያወደመው መንቀጥቀጥ ዛሬም ቀስ በቀስ እየሰፋ ከሚሄደው የስምጥ ሸለቆ ጋር የተያያዘ ነው። እርስዎን እንቅልፍ የነሳዎትም በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሲንቀሳቀስ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ ነው፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ብቻውን በመጠን 5.7 ገደማ የተመዘገበ ሲሆን፣ በእነዚያ ወራት በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወጥተዋል። አዲስ አበባ ከሥፍራው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ንቅናቄው ተዳክሞ ደረሰን እንጂ ስጋቱን የፈጠሩት እርስዎ አይደሉም።

ባለቤትዎን በክርክር ለመርታት አይሞክሩ፤ ስለ እድር ግን ያንሱላቸው። ማንም ሳይሞት በየወሩ እናዋጣለን፣ ድንኳኑና ወንበሩ ቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል፣ ይህን ግን ማንም ሟርት ብሎት አያውቅም። ከዚያ በኋላ «እናታችንን ማን ይይዛል?» በሚለው አንድ ጥያቄ ይጀምሩ። ስለ አደጋው በጥቅሉ መነጋገር ያስጨንቃል፤ የሥራ ክፍፍል ግን ሰውን ያረጋጋል።

መሬቱ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ወደ ደረጃው መሮጥ ለአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የከፋው ምርጫ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲሮጥ በመውደቁና በላዩ ላይ በሚወድቅ ዕቃ ነውና። ንቅናቄው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሚቆይ፣ ባሉበት ክፍል ተንበርክኮ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ ራስንና አንገትን መሸፈን፣ የጠረጴዛውንም እግር አጥብቆ መያዝ ይበልጣል። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው በሆድዎ ተኝተው ራስዎን በትራስ ይሸፍኑ። እናትዎ መንበርከክ ስለማይችሉ እንደተቀመጡ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን በክንዳቸውና በትራስ ይሸፍኑ። ይህን ዛሬውኑ ከእሳቸው ጋር ይሞክሩት፤ አልጋቸውንም ከመስኮትና ከትልቅ መስታወት ያርቁላቸው። ቡፌውንና ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ጋር አናጺ ቢያስርላችሁ በአነስተኛ ወጪ ትልቅ አደጋ ይወገዳል። በእያንዳንዱ አልጋ ሥር ጫማና የእጅ ባትሪ ይቀመጥ፤ የተሰበረ ብርጭቆ ላይ በጨለማ በባዶ እግር መራመድ የተለመደ የጉዳት ምክንያት ነው።

ንቅናቄው ሲቆም አንዱ የቡታጋዙን ሲሊንደር ይዝጋ፣ ሌላው እናትዎን ይደግፍ፤ አሳንሰር ቢኖር እንኳ አይጠቀሙበት፣ በደረጃ ወርዳችሁ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ርቆ በሚገኝ አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ሜዳ ተገናኙ። በዚያ ሰዓት የስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ ሁላችሁም አጭር መልእክት የምትልኩለት፣ ከከተማ ውጭ የሚኖር አንድ ዘመድ ምረጡ። ተከታይ ንቅናቄ ሊኖር ስለሚችልም ሕንፃው ተሰንጥቆ ከሆነ ባለሙያ ሳያየው ተመልሳችሁ አትግቡ። ለሕንፃችሁ የነዋሪዎች ኮሚቴ ወይም ለእድሩ ዳኛ ከየፎቁ ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መንገር እንደሚገባም አደራ እላለሁ።

የቤቱ ስንቅ ከባድ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ውኃ ቢታሰብ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን የሚበቃው ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። የእናትዎ መድኃኒት የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑረው። መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የቤት ውል ደግሞ ከጥቂት ጥሬ ገንዘብ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት ይቀመጡ። በአዲስ አበባ ለእሳትና ለአደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 መሆኑንም በር ላይ ጽፈው ይለጥፉ።

ስለ ልጅዎ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «ምንም የለም፣ ተኚ» መባሏን ነው። የተሰማትን ራሷ ታውቃለችና ስንክድባት ብቻዋን የቀረች ይመስላታል። መሬት አንዳንዴ እንደሚነቃነቅ፣ ሲነቃነቅ ምን እንደምታደርጉ፣ እርሷንም እንደማትተዉአት በአጭሩ ይንገሯት፤ ባትሪውን የመያዝ ኃላፊነትም ይስጧት። ልምምዱን ቀን ቀን፣ ጨዋታ አስመስላችሁ ደጋግሙት። ለጥቂት ሳምንታት አጠገብዎ ብትተኛ ምንም አይጎዳትም፤ ስትረጋጋ ቀስ በቀስ ወደ አልጋዋ ትመለሳለች።

እርስዎም በቴሌግራም «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይንቀጠቀጣል» የሚል መልእክት ሲደርስዎ ያለ ማመንታት ያጥፉት፣ ለሌላም አያስተላልፉት፤ መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት ለይቶ መናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። የሆነውን ለማወቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት መግለጫ ይጠብቁ። ከድንጋጤ በኋላ ያልተነቃነቀው አልጋ የተነቃነቀ መስሎ መሰማቱ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ሲሆን በጊዜ ይቀንሳል፤ ሲመጣብዎ ሁለት እግርዎን መሬት ላይ አድርገው፣ ከሚያስገቡት አየር ይልቅ የሚያስወጡትን እያስረዘሙ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። እንቅልፍ ማጣቱ ከአንድ ወር ካለፈ፣ ምግብ ካስጠላዎ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተዎ ግን በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ያማክሩ፤ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ የሚልኩዎት ከዚያ ነው።