40 ዘፈን ስንት ደቂቃ ነው?

ባለፈው በወር እየተከፈለባቸው ዘፈን ስለሚወርድባቸው አገልግሎቶች ትንሽ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። አብዛኞቻችሁ ጅማ ሆናችሁ የምትጠቀሙት ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ከፍሎላችሁ ነው፤ የሰው ገንዘብ ሜዳ ላይ እንዳይቀር መጨነቃችሁን ወድጄዋለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ ልመልስ።

«እህቴ ከአሜሪካ በወር 10 ዶላር ትከፍልልኛለች፣ 40 ዘፈን ማውረድ እችላለሁ። ሦስት አልበም ሳወርድ ግን ያልቅብኛል። ወሩ ገና በ5 ቀኑ! ምን ላድርግ?» (ከሄርማታ)

አልበም መቁጠሩን ተይና ደቂቃ ቁጠሪ።

10 ዶላር ለ40 ሲካፈል አንዱ ዘፈን 25 ሳንቲም ይደርሳል። አገልግሎቱ የሚቆጥረው ዘፈን ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃም ይሁን ሃያ አምስት ደቂቃ ለእሱ ያው አንድ ነው። አንቺ እስካሁን 13 እና 14 አጫጭር ዘፈን ያለባቸውን አልበሞች ስታወርጂ ነበር ማለት ነው፣ ኮታሽም በዚያ አለቀ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «ኮንፊውዥን» አልበሙ በሙሉ አንድ ዘፈን ነው፣ 25 ደቂቃ ገደማ። በእህትሽ ሂሳብ ደቂቃው በአንድ ሳንቲም መጣልሽ። የአሜሪካዊው የጃዝ ሰው የማይልስ ዴቪስ የ1969ኙ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» ደግሞ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፣ 38 ደቂቃ። ሁለቱን አልበም ስታወርጂ ከ40ው የሚቀነስብሽ ሦስት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሙዚቃ በ75 ሳንቲም!

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 20 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ የጃዝና የአፍሮቢት (የፌላ ስልት) ሰዎች አንዱን ዜማ ገጹ እስኪሞላ ድረስ ይዘረጉት ነበር፤ ዛሬ በዘፈን ቁጥር ለምንከፍለው ለእኛ ያ ልማድ ትልቅ ስጦታ ሆኖልናል። ስለዚህ የ60ዎቹንና የ70ዎቹን ጃዝ፣ የፌላን አልበሞች፣ የሕንድ ራጋን (አንዱ ራጋ ግማሽ ሰዓት ቢሄድ አይገርምም) መጀመሪያ እያቸው። መጠንቀቅ ያለብሽ በየመሃሉ የ30 ሰከንድ ንግግርና መግቢያ ከሚሰነቅሩ አልበሞች ነው። እሷም እንደ አንድ ዘፈን ትቆጠራለች፣ 25 ሳንቲም ለሳልና ለበር መንኳኳት ትከፍያለሽ።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በይ። አንዳንድ አገልግሎት ረጅሙን ዘፈን ነጥሎ አይሰጥም፣ አልበሙን በሙሉ ውሰዱ ይላል። በተቃራኒው ደግሞ አልበሙ ስንትም ዘፈን ይኑረው ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያለውን የማይቆጥር ሊያጋጥምሽ ይችላል፣ እዚያ ከሆንሽ 25 ዘፈን ያለበት ስብስብ አዋጪ ይሆናል። ከመጫንሽ በፊት ስንት እንደሚቀንስብሽ አንብቢ።

ርዝመት ብቻውን ግን አያዋጣም። አንድ ጊዜ ሰምተሽ የማትመለሺበት የ25 ደቂቃ ዘፈን ኪሳራ ነው። እኔ አልበም የምለካው በቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ አብሮኝ ቆይቶ፣ በማግስቱም ድገሙኝ የሚል ከሆነ ገንዘቤን አገኘሁ እላለሁ።

«ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ዘፈኖቻቸውን አውርጄ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር? አንድ ዓይነት አልበም ሦስት አራት ቦታ ተደጋግሞ አያለሁ።» (ከፈረንጅ አራዳ)

አዎ፣ እዚሁ ጅማ ነው የተወለዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1943። ከተማችን ለዓለም ቡናዋን ብቻ አይደለም የሰጠችው፤ ይህን በየአጋጣሚው ብናገር ደስ ይለኛል።

መደጋገሙ ግን ኮታህን የሚበላው ዋናው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ኒውዮርክ የተቀዳ የ1972 አልበም ነው። 7 ዘፈን አለው፣ በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ሲታተም ግን ያው ሥራ በስቴሪዮም (ድምፁ ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ) በሞኖም (በአንድ መስመር) ተደርጎ ወጣ። ለሰብሳቢ ሰው ውድ ነገር ነው፣ ልዩነቱን ጆሮ ይለየዋል። በቁጥር ለሚከፍል ሰው ግን ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ሰባቱን የስቴሪዮ ቅጂዎች ብቻ መርጠህ አውርድ። ርዕሱ ሲደገም ካየህ እጅህን ሰብስብ።

ሁለተኛው «ኢትዮፒክስ» በሚለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ውስጥ ያለው 4ኛው ቁጥር ነው። ተከታታዩን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ ናቸው ያዘጋጁት፣ አሳታሚው ቡዳ ሙዚክ ነው። 4ኛው ከ1969 እስከ 1974 ያሉትን የሙላቱን ሥራዎች ይዟል። 14 ዘፈን፣ አንድ ሰዓት ገደማ። እንግዲህ አስላው፤ በዘፈን ቁጥር እጥፍ ነው፣ በደቂቃም እጥፍ ነው፣ ስለዚህ በሂሳብ የሚበላለጡ አይደሉም። ሁለቱንም ልውሰድ ካልክ ግን «ደወል»፣ «ካሳለፍኩት ሁሉ» እና «ሙናዬ» የሚሉት ርዕሶች በሁለቱም ላይ አሉ። ናሙናቸውን ጎን ለጎን ሰምተህ ልዩነት ካላገኘህ ሦስቱን ዝለላቸው። ሦስት ማውረጃ ተረፈህ።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትለኝ 4ኛውን ኢትዮፒክስ እልሃለሁ። ክረምት ላይ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ጠፍቶ በስልክህ ብትሰማው ይበቃል።

«የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ፈልጌ አጣሁ። አገልግሎቱ ላይ የለም ማለት ነው?» (ከመንደራ)

ሊኖር ይችላል፣ ስሙ ነው የሚያስቸግረው። የእኛን ስሞች ፈረንጆቹ እንደየጆሯቸው ነው የሚጽፏቸው። በተለይ ፈረንሳዮቹ «ቸ»ን ሲጽፉ ከፊቷ ቲ ይጨምራሉ፣ «አስታጥቄ»ን አንዱ በኬ ሲጽፈው ሌላው በኪው ይጽፈዋል። ስለዚህ ሁሉንም ሞክር፣ የአባት ስም ብቻም ጻፍ። ካልሆነ በአሳታሚው ስም ፈልግ፤ ቡዳ ሙዚክ ብለህ ብትገባ የጌታቸውን 14ኛ ቁጥር ጨምሮ መላው ኢትዮፒክስ ተዘርግቶ ታገኘዋለህ፣ ከዚያ ላይ እየመረጥክ ማውረድ ነው። የኃይሉ መርጊያን የድሮ ካሴቶች ለምትፈልጉም መንገዱ ይኸው ነው፣ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚለው አሳታሚ ግቡ። ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠሩት የ1977ቱ «ቸበለው»ም እዚያ ነው።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ዘፈኑ በነፃ ቢመጣልኝም ፓኬጁ ገደለኝ። በየትኛው ጥራት ላውርድ?» (ከቆጪ)

ሂሳቡ ቀላል ነው። ኤምፒስሪ በ320 (የጥራቱ መጠን ነው፣ ኪሎቢት በሰከንድ) ሲሆን አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋ ይበላል፣ አንድ ሰዓት 144 ሜጋ። በ128 ሲሆን ደቂቃው አንድ ሜጋ አይሞላም፣ ሰዓቱ ከ60 ሜጋ በታች ነው። ፍላክ የሚባለው ምንም ያልተቀነሰበት ፋይል ደግሞ ለአንድ ሰዓት 300 እና 400 ሜጋ ሊሄድ ይችላል።

ከላይ ረጃጅም ዘፈን አውርዱ ብዬ መክሬያለሁ፣ ብልጫው ግን በኮታ ነው፣ በሜጋ አይደለም። አራት አራት ደቂቃ የሆኑ 40 ዘፈኖች በ320 ወደ 384 ሜጋ ናቸው፣ ስምንት ስምንት ደቂቃ ከሆኑ እጥፍ ይሆናሉ። የአንተ ችግር ፓኬጅ ከሆነ ሁለቱን ሚዛን አንድ ላይ ማየት አለብህ።

በኔ በኩል 320 ይሻልሃል። አንዴ ነው የምታወርደው፣ ለዓመታት ነው የምትሰማው፣ በ128 የወረደ ሙዚቃ ደህና ስፒከር ላይ ሲወጣ ጸናጽሉ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ዋይፋይ የምታገኝበትን ሰዓት ጠብቅና የወሩን በአንድ ቁጭታ አውርድ።

«አባቴ ሁዳዴ ሲገባ ዘፈን አይሰሙም። ለእሳቸው የሚሆን አገኝ ይሆን? ከሬዲዮ ሌላ ምንም የላቸውም።» (ከጅሬን መንገድ)

ይሄን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ተነካ። ለአባትሽ በገና አውርጂላቸው። የዓለሙ አጋ የኢትዮፒክስ 11ኛ ቁጥር ነው፣ በሙሉ በገና። አሥሩ ጅማት ሲርገበገብ ቤቱ ጸጥ ይላል። ናሙናውን ስትሰሚ ድምፁ የተበላሸ ከመሰለሽ አትደንግጪ፣ የበገና ድምፅ እንደዚያ ነዛሪ ነው፤ ፋይሉ ደህና ነው።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ጨምሪላቸው፣ 21ኛው ቁጥር ነው። 16 ዘፈን ስለሆነ ከኮታሽ ብዙ ይወስዳል፣ በደቂቃ ሂሳብ ከላይ ካልኳቸው ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም እኔ ብሆን ሳላመነታ 16ቱን እከፍል ነበር። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አርፈዋል፤ ያን የመሰለ ፒያኖ የሚመታ ሌላ ሰው እኔ አልሰማሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። «የድሮ ምርጥ 50» የሚሉ ርካሽ ስብስቦችን ተጠንቀቂ። የታወቀ ዘፋኝ ስም በትልቁ ተጽፎበት ውስጡ ሌላ ሰው በኪቦርድ እንደገና የሠራው የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ራሴ የአሊ ቢራን ድሮ የተቀዱ ዘፈኖች ስፈልግ በእንዲህ ዓይነቱ ስብስብ ስምንት ማውረጃ አቃጥያለሁ፣ ቤት ገብቼ ስከፍተው ዑዱም የለ፣ የአሊም ድምፅ የለ። የተቀዳበት ዓመት ያልተጻፈበት፣ አሳታሚው የማይታወቅ፣ ዘፈኖቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ያላቸው ስብስብ ካየሽ ናሙናውን ሳትሰሚ አትንኪው።

«ወሩ ሊያልቅ ሲል ሦስት አራት ማውረጃ ይተርፈኛል።»

ብዙዎቹ አገልግሎቶች ወደሚቀጥለው ወር አያሻግሩትም። ለዚህ ጊዜ የሚሆን አጭር ዝርዝር ስልክህ ላይ ያዝ፣ ከአንድ እስከ አራት ዘፈን ብቻ ያላቸው አልበሞች ናቸው የሚገቡበት። አራት ከተረፈህ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ልክ አራት ክፍል ነው።

«ክፍያው ቢቋረጥ ያወረድኩት ይጠፋል?»

እንደ አገልግሎቱ ነው። ፋይሉ ኤምፒስሪ ሆኖ ስልክሽ ውስጥ ከገባ ያንቺ ነው፣ ማንም አይወስደውም። በመተግበሪያው ውስጥ ብቻ ያለ ኢንተርኔት የሚሰማው ግን ክፍያው ሲቆም አብሮ ይቆለፋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ዘፈኑን ወደ ፍላሽ ገልብጠሽ ሌላ ማጫወቻ ላይ ክፈቺው። ከተጫወተ ያንቺ ነው። ሲሆን ሲሆን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ እኔ ስልኬ ውሃ ገብቶበት የሁለት ዓመት ስብስቤ አብሮ ሄዷል፣ እስካሁን ያልመለስኳቸው አልበሞች አሉ።

«ባጃጅ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የማጫውተው በፍላሽ ነው፣ ጓደኞቼም ገልብጥልን ይሉኛል። የከፈልኩበት አይደል፣ ብሰጣቸው ምን አለበት?» (ከአዌቱ ድልድይ አካባቢ)

ወንድሜ፣ ለራስህ ከስልክህ ወደ ፍላሽህ አንድ ቅጂ ማድረግህ ችግር የለውም፣ የቅጂ መብት አዋጁም (ቁጥር 410/1996) ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ይፈቅዳል። ለባጃጅ ተራው ሁሉ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው። 25 ሳንቲም የከፈልክበት ዘፈን ለሙዚቀኛው የሚደርሰው ከዚያችው ላይ ተቀንሶ ነው፣ ሃያ ባጃጅ ላይ ሲገለበጥ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይደርሰውም። ጓደኞችህ ሲወዱት የአልበሙን ስም ንገራቸው፣ ተጋርተው አንድ ወር ይክፈሉ።

አንተም በጣም የወደድከው፣ በሕይወት ያለ ሙዚቀኛ ካለ፣ አንድ ጊዜ በቀጥታ ግዛው። ባንድካምፕ (ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ከዲጂታል ሽያጭ የሚቆረጠው 15 በመቶ ነው፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ተቀንሶ ቀሪው ለሙዚቀኛው ወይም ለአሳታሚው ይሄዳል። ካርዱ ውጭ ባለ ዘመድ በኩል መሆኑ አይቀርም፣ ግን በዓመት አንዴ ነው።

ለባጃጅ የሚሆን ከፈለግክ ደግሞ፣ የፌላን የ1976ቱን «ዞምቢ» ሞክር። ሸክላው ላይ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ከመርካቶ ተነስተህ ዩኒቨርሲቲው በር ስትደርስ የመጀመሪያው ገና አያልቅም።