ለወጣት የሕግ ተማሪዎች፦ ስለ ድራማውና ስለ ገጀራው

ውድ ልጆቼ፣

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያጠና የጎረቤቴ ልጅ «ላይን ኦቭ ዲዩቲ» የተባለውን የእንግሊዝ የፖሊስ ድራማ አይቶ ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ እዚህስ ጉቦኛ ፖሊስን እንዲህ አሳድዶ መያዝ ይቻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ከዐቃቤ ሕግነት በጡረታ ከተሰናበትኩ ቆይቻለሁና በአጭሩ መልሼ ልሸኘው ነበር፤ ጥያቄው ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ አንድ የግድያ መዝገብ ቀሰቀሰብኝ።

ወቅቱ የቡና ለቀማ ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ከከተማው ወጣ ብሎ ተገድሎ ተገኘ። ቀድሞ የደረሰው ሃምሳ አለቃ ጥንቁቅ ሰው ነበርና ከሬሳው አጠገብ ስላገኘው ገጀራ በዚያው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ነግሮኛል፤ እጀታው በጥቁር የመኪና ጎማ የተጠቀለለ፣ ስለቱም ደም የደረቀበት ነበር። የጎማው አጠቃለል የማን እንደሆነ መንደርተኛው ሁሉ ያውቃል። የምርመራ መዝገቡ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን የሰፈረው «አንድ ገጀራ» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ገጀራውን አስመጥቼ ባየው እጀታው ጎማ ነክቶት የማያውቅ ነጭ እንጨት ነው፤ ስለቱም ከሱቅ በወጣበት ዕለት እንደነበረው ያብረቀርቃል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ አዘዝኩ። የመጣልኝ መልስ «ኤግዚቢቱ (በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ) ይኸው ነው» የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን ወደ ሩቅ ወረዳ የተዛወረው ሃምሳ አለቃም ሲጠየቅ «አላስታውስም» አለ፤ መንደርተኛውም አፉን ዘጋ። በአንቀጽ 42 መሠረት ለማስቀጣት የሚበቃ ማስረጃ የለም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ዛሬም ቢቀርብልኝ ሕጉ ሌላ መንገድ አይሰጠኝም፤ ቁጭቱ ግን አልለቀቀኝም። የሟች እናት ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሂርማታ ገበያ ሲወጡ ጎራ እያሉ፣ ስለ ፍርድ ሳይሆን ስለዚያ ባለ ጎማ ገጀራ ይጠይቁኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2021 በስድስት ምዕራፍ የቀረበው ድራማ መርማሪዎቹ «ኤች» የሚሉትን የተሰወረ አለቃ ሲያድኑ ያሳያል። መጨረሻ ላይ የተገኘው ሰው ሁሉም የሚንቀው ደካማ ሹም በመሆኑ ብዙ ተመልካች አጉረምርሟል፤ በእኔ እምነት ግን ከድራማው ሁሉ ወደ እውነት የቀረበው ይህ ነው። የእኛን ገጀራ ለመለወጥ የኤግዚቢት ክፍሉን ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ይበቃ ነበር።

ጉቦ አትብሉ ብዬ አልመክራችሁም፤ ያን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የዘንድሮ ወጣቶች ድራማውን በስልካችሁ እያሯሯጣችሁ፣ ረጃጅሞቹን የጥያቄና መልስ ትዕይንቶች እየዘለላችሁ ታያላችሁ፤ የመርማሪ ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው። እንዲህ ያለው ትርኢት ጊዜ ማባከኛ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ የመጨረሻውን ክፍል ለማየት ግን እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጫለሁ። ስልካችሁን ካነሣሁ አይቀር፣ ኤግዚቢት ከመነሣቱ በፊት ከነቦታው ፎቶ አንሡት፤ መልኩንና ምልክቱን በዝርዝር ጽፋችሁ እዚያው ምስክሮችን አስፈርሙ፤ አንዱን ቅጂም ወዲያውኑ ለዐቃቤ ሕግ ላኩ። ያ ሃምሳ አለቃ ያየውን በቃል ከመንገር አልፎ በፊርማ የጸና ወረቀት በእጄ ቢተው ኖሮ በኋላ መርሳቱ ያን ያህል ባልጎዳን ነበር።

የጎረቤቴን ልጅ ዐቃቤ ሕግ ከመሆንህ በፊት ፖሊስ ሆነህ መርምር ብዬዋለሁ። እናቱ ይህን ሰምተው ተቀይመውኛል፤ እኔም ምክሬን አላነሣሁም።