ማሽኔ ለምን ይጮኻል? ስለ ልብስ ማጠቢያ ድምፅ ጥያቄና መልስ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። ስለሚጮኽ ማሽን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ግን "ይጮኻል" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። መቼ ነው የሚጮኸው? ውሃ ሲሞላ፣ ሲያጥብ፣ ሲያፈስ ወይስ ሲጨምቅ? የመልሱ ግማሽ እዚያ ላይ ነው። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ። ቁልፉን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

አዲስ ማሽን ገዝተን ገና በመጀመሪያው ቀን ሲጨምቅ ከቦታው ተነስቶ ሄደ። እንመልሰው?

ቆዩ፣ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ድራሙ በጉዞ እንዳይናጥ ፋብሪካው በረጃጅም ብሎኖች ያስረዋል። ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ናቸው። ሳይፈቱ ከተሠራበት ማሽኑ እንዲህ ነው የሚሆነው። ፍቷቸውና ቀዳዳውን አብሮ በመጣው ፕላስቲክ ድፈኑ። ብሎኖቹን ግን አስቀምጡ፣ ቤት ስትቀይሩ ያስፈልጋሉ። ከዚያ እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ። አራቱንም ጥግ በእጃችሁ ስትጫኑት መነቃነቅ የለበትም።

ሌላ ልብስ ሳጥብ ሰላም ነው። ጋቢ ሲገባ ግን ይደልቃል። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

አይዞሽ እህቴ፣ ማሽንሽ ጤነኛ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ብቻውን ሲገባ ተጠቅልሎ በአንድ ወገን ይከማችና ድራሙን ያዛባዋል። ሁለት ፎጣ ጨምሪለትና ክብደቱ ይከፋፈል። የጨመቃውን ፍጥነትም በደቂቃ ወደ 600 ዙር አውርጂው። መደለቅ ከጀመረ አቁሚው፣ ጋቢውን በትነሽ መልሰሽ አስገቢው።

የኔ ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን ያጓራል። በየወሩ እየባሰ ነው። 8 ዓመት ሠርቷል።

ወንድሜ፣ ይሄ የኩሽኔታ (ድራሙ እንዲዞር ዘንጉን የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት) ድምፅ ይመስላል። እንዲህ አድርገህ አረጋግጥ። ሶኬቱን ነቅለህ ባዶውን ድራም በእጅህ አሽከርክረው፣ ሌላውን እጅህን ማሽኑ አናት ላይ አድርግ። ሻካራ ጉርጉርታ እጅህ ላይ ይሰማሃል? ከዚያ የድራሙን ከንፈር ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ድራሙና ውጪኛው ገንዳ አብረው ቢወዛወዙ ችግር የለም፣ በሞላ ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ነው። ገንዳው ቆሞ ድራሙ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ግን ኩሽኔታው አልቋል። የጀርባውን ክዳን ስትከፍት ከፑሊው (ድራሙን ከኋላ የሚያዞረው ትልቅ ክብ) ሥር ቡናማ የዝገት መስመር ካየህ ጥርጣሬ የለውም።

ብዙዎች ኩሽኔታውን ብቻ ቀይረው ይዘጋሉ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ኩሽኔታውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ያረጀ ፓራዎሊዮ (ውሃ ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ነው፤ ውሃ ያስገባና ያዝገዋል። ስለዚህ ሁለቱን ኩሽኔታዎችና ፓራዎሊዮውን አንድ ላይ ቀይር። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተቀርጿል፣ ለምሳሌ 6205 ወይም 6206። አሮጌውን ይዘህ ሱቅ ሂድ። አዲሱን ስታስገባ የውጪውን ቀለበት ብቻ ግፋ፤ የውስጡን ከመታኸው ገና ሳይሠራ ይበላሻል። ከውጭ ዘይት መቀባት ምንም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አንዳንድ ማሽኖች ገንዳቸው ተጣብቆ የተዘጋ ነው፣ በብሎን አይፈታም። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይሄን እይ። የተዘጋ ከሆነ ሙሉ ገንዳ መቀየር ሊኖርብህ ነው፣ ሒሳቡን ቀድመህ አስላ። እስከዚያ ግን ጨመቃውን ተወው፤ ዘንጉም ከተበላ ወጪው ሌላ ነው።

ውሃ ሲሞላ "ዝዝዝ" ይላል፣ ቶሎም አይሞላም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው።

የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ነው፤ ግፊት አንሶታል ወይም ተደፍኗል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ነው የሚሰጠው። ሮቷችሁ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ባር ነው፣ ለብዙ ማሽን አይበቃም ወይም በጭንቅ ነው። መጀመሪያ ግን ቧንቧውን ዝጉና ጎማውን ከማሽኑ ጀርባ ፍቱት። እዚያ ትንሽ ወንፊት አለች። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለል እሷ ላይ ነው የሚቀረው። በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አውጧትና በጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ካልተሻለው ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መግጠም ነው።

ሲያፈስ ይንኳኳል።

ሳንቲም፣ ቁልፍ ወይም የጡት መያዣ ሽቦ ፓምፑ ውስጥ ገብቷል። ከፊት ለፊት ታች ያለችውን ትንሽ በር ክፈት። ጨርቅና ጎድጓዳ ሳህን አዘጋጅ፣ ውሃ ይፈሳል፤ ሙቅ ውሃ ከነበረም እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ማጣሪያውን ወደ ግራ አዙረህ አውጣና አጽዳው።

ሲነሳ ይፏጫል።

ቺንጊያው (ሞተሩን ከድራሙ ፑሊ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ) ሳይላላ አልቀረም። የውስጥ ጎኑ ከሰነጠቀ ወይም ካብለጨለጨ ቀይረው። ሳሙናም ዘይትም አትቀባው።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነን። ማሽኑ ደህና ነው፣ ታች ያሉት ግን ይማረራሉ።

ከወለሉ መሃል አንስታችሁ ወደ ኮለኑ ጥግ አስጠጉት፤ ግድግዳውን ግን እንዳይነካ። ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉና እግሮቹን እንደገና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ጨመቃውን ከ1200 ወደ 800 አውርዱ። ልብሱ ትንሽ ቆይቶ ይደርቃል እንጂ ድምፁ በደንብ ይቀንሳል።